ያቋረጠው ክኒን

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «እጀ ለስላሳ» ነበር የሚለው። ሲላጭ ምላጩ ቆዳ ላይ መሄዱ አይሰማም፤ ደንበኛው ወንበሩ ላይ እንዳለ ሸለብ ያደርገዋል። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ግን በዚህ ስም በተጠራ ቁጥር እጆቹን ኪሱ ውስጥ ይከት ጀመር።

በአሥራ አራት ዓመቱ ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳው ፊት ወድቆ ተንፈራግጦ ነበር። ሲነቃ ሱሪው ረጥቧል፣ ተማሪው ሁሉ ከቦ ያየዋል። የሚጥል በሽታ ነው ተባለ። እናቱ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ጠዋትና ማታ የሚዋጥ ክኒን ታዘዘለት፤ ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ዓመት አንድም ቀን አልወደቀም። አድጎ፣ ሰፈር ቀይሮ ፀጉር ቤት ሲከፍት ነገሩን የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያው አልነበረም። ሲያገባም ለሚስቱ አልነገራትም። ክኒኑን ከሩቅ ሰፈር እየገዛ፣ ሱቁ ውስጥ፣ ባዶ የፓውደር ቆርቆሮ ውስጥ ደብቆ ይውጥ ነበር።

ሚስቱ ስታረግዝ ጭንቀት ገባበት። ልጁ ይወርሰው ይሆን? የሚጠይቀው ሰው አልነበረውም፤ እንቅልፍ አጣ። አንድ ቀን ሚስቱ ሱቁን ልታጸዳለት መጥታ ቆርቆሮውን አንሥታ ነቀነቀችው።

«ፓውደር ሲንቀጫቀጭ ዛሬ ገና ሰማሁ» አለች እየሳቀች፣ ሳትከፍተውም መልሳ አስቀመጠችው።

እሱ እዚያው ክው ብሎ ቀረ። በማግስቱ ክኒኖቹን ሽንት ቤት ደፋቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ያልወደቀ ሰው ድኗል ማለት ነው ብሎ ራሱን አሳመነ።

አልዳነም ነበር። ወር ሳይሞላ ጠዋት ጠዋት ትከሻው ድንገት ይነጥር ጀመር። አንድ ቀን የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ተፈናጥሮ ግድግዳው ላይ ተሰበረ። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አላት ሚስቱን። ጤና ጣቢያው ከሱቁ ሁለት መቶ ርምጃ አይርቅም፤ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄዶ ተመልሷል። ለምን አቋረጥክ ቢሉትስ? ደንበኛ ቢያየውስ? በሽታውን ይፈራል፣ መድኃኒቱን ደግሞ ይብስ ይፈራል። ክኒኑን የዋጠ ቀን በሽተኛ ነው፤ ያልዋጠ ቀን ግን እንደማንኛውም ሰው ነው።

አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ የሒሳብ መምህሩ መጡ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ሲላጩ የኖሩ ደንበኛ ናቸው።

«ዛሬ ጥርግ አድርገህ ላጨኝ» አሉት። «ተማሪዎቹ ጢሜን ሲቆጥሩ ሒሳቡን ረሱት።»

እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳሙናውን ቀባቸው። ቀኝ ጉንጫቸውን ጨርሶ አገጫቸውን ቀና አደረገና ምላጩን ጉሮሯቸው ሥር አሳረፈ። ያኔ አፉ ውስጥ የዝገት ጣዕም መጣ።

ያን ቀን፣ ሰሌዳው ፊት የቀመሰው ጣዕም ነው። መስታወቱ ውስጥ ያለው ፊት የራሱ አልመስል አለው። የመኪናው ጩኸት፣ የሰዉ ወሬ ሁሉ ራቀ። እጅህን አንሣ አለ በልቡ። እጁ አልሰማውም። «መምህር» ሊል ሞከረ፤ ምላሱ ታሰረ። ከምላጩ ሥር የመምህሩ ደም ሥር ትር ትር ሲል ይታየዋል። መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰው ምላጭ የያዘውን ክንዱን በሌላው እጁ ጨብጦ ሲጎትት ነው።

ሲነቃ ወለሉ ላይ፣ የተቆረጠ ፀጉር መሃል በጎኑ ተኝቷል። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ደግፎታል። አጠገቡ ያለው ነጭ ፎጣ በደም ርሷል።

«ቀስ በል» አለው ጫማ ሰፊው። «ምላስህን ነክሰሃል።»

«መምህሩስ?»

ጫማ ሰፊው በእጁ ወደ በሩ አመለከተ። «አንገታቸውን ይዘው ወጡ» አለ። «በጣቶቻቸው መሃል ደም ይወርድ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያው ነው መሰለኝ የሄዱት።»

ግድግዳውን ተደግፎ ተነሥቶ ወጣ። የእግረኛው መንገድ ላይ ደም ተንጠባጥቧል። አንድ ጠብታ፣ ሦስት ርምጃ አልፎ ሌላ ጠብታ። እየተከተለ ሄደ። ገድያቸው ቢሆንስ? መንገዱ ዳር ያለው መድኃኒት ቤት በር ላይ ሲደርስ ጠብታው ቆመ። ደጅ ደጁን ፈለገ፣ የለም። ደሙ ቆሞላቸው ይሁን ሰው ተሸክሟቸው ይሁን ማወቅ አልቻለም፤ የቀረውን መንገድ ሮጠ።

መምህሩ ቁስል የሚታሸግበት ክፍል ውስጥ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ጉንጫቸው ተላጭቷል፣ ሌላው ላይ ሳሙናው ደርቋል። ከመንጋጋቸው ሥር አራት ቦታ ተሰፍተዋል። አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ነርስ ፋሻውን እየለጠፉ ነው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ መምህር።»

«ስድስት ዓመት ዓይኔን ጨፍኜ አንገቴን ሰጠሁህ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም።»

«ብነግርዎ ይመጡ ነበር?»

መምህሩ ፋሻውን በጣታቸው ዳሰሱ። «እንጃ። መምጣት አለመምጣቱን ግን እኔ ነበርኩ መወሰን ያለብኝ።» ኮታቸውን አንሥተው፣ ግማሽ ፊታቸው እንደተላጨ ወጡ።

ነርሷ መምህሩ የለቀቁት አልጋ ላይ እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱት።

«መድኃኒት ትወስዳለህ?»

ሊዋሽ አስቦ ነበር፤ አቅም አጣ። «አቁሜያለሁ፣ ሲስተር።»

ቁጣቸውን ጠበቀ። እሳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው ወንበር ስበው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «ከዜሮ እስከ አሥር ቢሆን፣ መድኃኒቱን መልሰህ ለመጀመር ልብህ ስንት ላይ ነው?»

የሰው አንገት ቆርጦ የመጣ ሰው አሥር ማለት ነበረበት። «አራት» አለና አፈረ።

«ለምን አንድ አልሆነም?»

ይህን አልጠበቀም ነበር። እጆቹን አየ። «አንሣ ስለው የሚነሣ እጅ ስለምፈልግ» አለ፣ እንባውም ቀደመው።

«ከአራት በላይ እንዳትል የያዘህስ ምንድን ነው?»

«ሚስቴ አታውቅም። ነፍሰ ጡር ናት። ልጁም ይወርሰዋል ብዬ እፈራለሁ።»

«ብዙዎቹ ልጆች አይወርሱትም። ይህን ቀድመህ ብትጠይቅ ስንት እንቅልፍ በተኛህ ነበር። እንቅልፍ ማጣቱም ጭንቀቱም ራሱ ይጥላል፣ ልጄ። ክኒኑን ዛሬ እሰጥሃለሁ። በስውር የምትውጠው ከሆነ ግን አንድ ቀን መልሰህ ትደፋዋለህ።»

ቤት ሲደርስ ሚስቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ለሚወለደው ልጅ የተገዙ ልብሶችን ታጥፋለች። በሩ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ነገራት። መጀመሪያ እጇ ወደ ሆዷ ሄደ፣ ከዚያ አልጋው ላይ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ያ መሸሽ ከመምህሩ ቃል ይልቅ ጠዘጠዘው።

«ብቻዬን ሳለሁ ብትወድቅብኝስ?» አለች። «የሞትክ መስሎኝ እኔም እወድቅ ነበር እኮ።»

ልብሷን ሸክፋ እናቷ ዘንድ ሄደች። ሁለት ቀን ባዶ ቤት ውስጥ ክኒኑን በሰዓቱ እየዋጠ ተቀመጠ። ልብሶቹ በግማሽ እንደታጠፉ ናቸው፤ ሊነካቸው ፈራ።

በሦስተኛው ቀን ጫማ ሰፊውን አስከትላ ተመለሰች። ሰላምታም አልሰጠችው። «ወለሉ ላይ ተኛ» አለችው። ከዚያ ወደ ጫማ ሰፊው ዞራ «ያን ዕለት ያደረግከውን አሳየኝ» አለች።

«አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም እንዳታስገቢ» አለ ጫማ ሰፊው፤ እሱም ነርሷን ጠይቆ ነበር የመጣው። «ስለቱን ከአጠገቡ አርቂ። በጎኑ አዙሪው። ሰዓት ያዢ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ጥሪ። ከባድ ነው፣ ከትከሻው ጀምሪ።»

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ተንበርክካ ገፋችው፣ አልሆነላትም።

«ትንሽ ልክሳ እንዴ?» አላት ከወለሉ።

ልትስቅ ስትል ለቅሶ ሆነባት። እንባዋን ጠርጋ እንደገና ገፋችው፤ ዞረላት። አራት ጊዜ ደጋገሙት።

ምላጩን ተወ፤ በቶንዶስ ማሽን ብቻ ይሠራል። ለደንበኞቹ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ራሱ ይነግራቸዋል። ሰምተው የሚቀመጡ አሉ፤ «መጣሁ» ብለው ወጥተው የቀሩም ብዙ ናቸው። መምህሩ አልተመለሱም። አንድ ቀን ከመንገዱ ማዶ አያቸው፤ ጢማቸውን አሳድገዋል።

መድኃኒቱ እስኪሠራ ወራት ፈጀ። ልጁ ሊወለድ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር የዝገቱ ጣዕም መጣበት። «መጣ» ማለት ብቻ ቻለ።

ሲነቃ በጎኑ ተኝቷል። ሚስቱ የግድግዳውን ሰዓት ከአጠገቧ አድርጋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ሁለት ደቂቃ ነው» አለች። «እኔ ግን የማያልቅ መስሎኝ ነበር።»

«ፈራሽ?»

«በጣም።»

«እኔም» አላት። በሕይወቱ ለሰው እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር። እጇን ያዘ። ሁለቱም እስኪረጋጉ ድረስ ወለሉ ላይ ቆዩ፤ ከዚያ ውሃ ቀድታ የጠዋቱን ክኒን ሰጠችው።