ካሜራ ይከፈት

የተከበራችሁ ተማሪዎች፣ ከዛሬ ጀምሮ በኦንላይን የሚማር ሁሉ ካሜራውን ከፍቶ አፍንጫውን ለጉባኤው እንዲያሳይ ታውጇል። «ሁሉም እኩል ይታይ!» አለ አዋጁን ያረቀቀው መምህር፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሁሉም ከፈተ። ጥያቄ ሲመጣ ቀድማ በጽሑፍ የምትመልሰው፣ «ዝምተኛዋ» የሚሏት ተማሪ ብቻ ጥቁር ሳጥን ሆና ቀረች።

«መምህር፣ እኔን ይለፉኝ» ስትል ጻፈች።

«ምነው እህቴ፣ ፊትሽን ጅብ በላው? ወይ ክፈቺ፣ ወይ ውጪ!» ተማሪው በሳቅ ፈነዳ።

ከፈተች። ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በካርቶኖች መሃል ኩርምት ብላለች። «ባሌ እንደምማር አያውቅም። ካወቀ አይምረኝም» አለች በሹክሹክታ። ከኋላዋ የበሩ እጀታ ዞረ። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለ ጎርናና ድምፅ፤ ምስሉም ጠፋ። የተገለጠው ጥርስ ሁሉ ተከደነ።

በማግስቱ መምህሩ አዋጁን ሻረ። ዝምተኛዋ ግን አልገባችም። ከሰዓት በኋላ ከእሷ ስልክ ተደወለለት፤ ተስገብግቦ አነሳው። ያው ጎርናና ድምፅ ነበር።

«ጌታው፣ ሚስቴ እርስዎ ጋ ነው የምትማረው?»

«ማን እንደሚማር አልናገርም።»

«ትናንት ‹ክፈቺ› እያሉ ሲጮኹ በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ዛሬ ምን ነካዎት?»

«አልናገርም አልኩ።»