ክራር በለቅሶ ቤት

«ትርንጎ እስካሁን ከገበያ አልተመለሰችም እንዴ?»

አቶ አስፋው ይህን የጠየቁት በገዛ ሚስታቸው የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ነው። ንፍሮ የሚያዞረው ሰውዬ ሰሃኑን እንደያዘ ቀረ። አንዱ ያልጠራ ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ፣ ሌላው ጫማውን መረመረ። አጠገባቸው የተቀመጠው አማቻቸው፣ የሟች ታላቅ ወንድም ይርጋ፣ ጋቢውን ወደ አፉ ሰብስቦ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

ልጃቸው እፀገነት ከሴቶቹ በኩል ፈጥና መጣች። ከደሴ ከገባች ጀምሮ አንድ ቦታ ረግታ አታውቅም። ወንበር ትደረድራለች፣ የደረደረችውን መልሳ ታነሳለች፣ ውኃ ልታመጣ ገብታ ባዶ እጇን ትወጣለች። «አንቺ ልጅ ቁጭ ብለሽ አልቅሺ እንጂ!» ያላት ሰው ብዙ ነው። ቁጭ ማለቱ ነው ያቃታት።

«ሮቢት ሄዳለች አባዬ፤ ትመጣለች» አለቻቸው ጎንበስ ብላ።

«በምን ሄደች?»

«በሚኒባስ።»

«በማን ሚኒባስ? እነዚህ ልጆች ፍሬን እንኳ አያስፈትሹም!» ብለው ተነሱና ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር። ከወልዲያ አላማጣ አውቶቡስ ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ቆቦን የሚያቋርጠው አስፋልት ደግሞ ከበራቸው ሩቅ አይደለም፤ የመኪና ጥሩምባ በተሰማ ቁጥር ይነሳሉ። እፀገነት ክንዳቸውን ይዛ እስከ አስፋልቱ አብራቸው ሄደች። ባጃጁን፣ የጭነት መኪናውን፣ ሽንኩርት የጫነውን አይሱዙ አብራ አየች። ትርንጎ ከየትኛውም አልወረደችም። ይዛቸው ተመለሰች። ወዲያው ደግሞ ተነሱ።

ትርንጎን የቀበሯት እሁድ ነው። ሰልስቱም አልፏል፤ ድንኳኑ ያልፈረሰው ከደጋ የሚመጣ ዘመድ ስላለ ነው። ለሕክምና ወልዲያ ሄዳ ሰንብታ እዚያው አረፈችና፣ ለአቶ አስፋው ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ገብተው መርዶውን አረዷቸው። እንደ ሰው ሰሙ፣ እንደ ሰው አለቀሱ፣ አስከሬኗን ተከትለው ሄደው አፈር አለበሷት። በዚያው ቀን ወደ ማታ «ትርንጎ የት ናት?» አሉ። ተነገራቸው። እንደ አዲስ ደረታቸውን መቱ። በማግስቱ ደግሞ ጠየቁ። መርዶ አንዴ ተነግሮ የሚያበቃ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰዓት ተጠብቆ የሚነገረውም ለዚሁ ነው። ለእሳቸው ግን እንደ ዳቦ በየቀኑ የሚመጣ ነገር ሆነ። እፀገነት ይህን ማየት አልቻለችምና መዋሸት ጀመረች። አንዴ ገበያ፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያን፣ አሁን ደግሞ ሮቢት።

ውሸቱ እንባቸውን አቆመው። እንባቸው ሲቆም ደግሞ ሰው ማውራት ጀመረ። ከደጋ የመጡ ሁለት ሴቶች ከኋላዋ ሲያወሩ ሰማቻቸው።

«እንዲያ ሆና ኖራለት፣ ዓይኑ እንኳ እርጥብ አይደለም።»

«ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም እህቴ።»

ዞራ ልትናገራቸው አስባ ወንበር መደርደሯን ቀጠለች። ምን ትበል? ዕድሜውን አብሯት የኖረ ሰው በሚስቱ ለቅሶ ላይ እንግዳ ሆኗል። ቢነግሩት በየቀኑ ይገደላል፤ ባይነግሩት ሐዘኑ ራሱ ይቀማል። የቱ እንደሚሻል አላወቀችም።

ትርንጎ በሕይወት እያለች፣ መርሳቱ የጀመራቸው ሰሞን አቶ አስፋው ዳቦ ሊገዙ ወጥተው ሌላ ከተማ፣ ዋጃ ተገኙ። መንገድ ዳር ቆመው፣ ዳቦውን በብብታቸው እንደያዙ፣ «ቆቦ! ቆቦ! የሞላ!» እያሉ ተሳፋሪ ይጠራሉ። ደሴ ያለው ሐኪም ብዙ ከመረመራቸው በኋላ እንቅጩን ተናገረ። «መድኃኒቱ ቢበዛ ያዘገየው ይሆናል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ግን ሥራ አታስፈቷቸው። እጅም ጭንቅላትም የሚያሠራ አዲስ ነገር ይማሩ። ብቻቸውንም አይሁኑ።»

እፀገነት ከደሴ የተቆራረጠ ሥዕል መገጣጠሚያ ጨዋታ ገዝታ ላከች። ትርንጎ ለጎረቤት ልጆች ሰጠችው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የገዛችው ልብስ ልክ ካልሆነ ሳትውል ሳታድር ስፌቱን የምትፈታ ሴት። ሄዳ ክራር ገዛች። ቀን ስልክ የሚጠግነውን፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ላይ የሚጫወተውን አንዷለምንም አስተማሪ አድርጋ አመጣችው። እሱ ሲመጣ ባልና ሚስቱ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ክራሩ አንድ ነው፣ አንዴ እሳቸው አንዴ እሷ እየተቀባበሉ ይማራሉ።

ሰፈሩ ሳቀ። «እነ ትርንጎ በስተርጅና አዝማሪ ሊሆኑ ነው!» ተባለ። ይርጋ ይህን ሲሰማ ከደጋ ድረስ ወርዶ ተቆጣት።

«ሰው ቢስቅ ጥርሱ ነው የሚታየው» አለችው። «የኔ ባል ግን ስሜን እየረሳ ነው።»

እፀገነት ከደሴ ስትደውል ከጀርባ ክራሩ ይሰማታል፤ እናቷ ስትመታም ታውቃለች፣ ሁልጊዜ ትሳሳታለችና። ወዲያው የአባቷ ድምፅ ይከተላል። «አይ ትርንጎ! ሦስተኛዋን ክር ነው ያልኩሽ! ስንቴ ልንገርሽ?» ድምፃቸው ግን የደስታ ነው። አልዳኑም፤ ቁልፍ ይጥላሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ስም ያምታታሉ። ቢሆንም ዕድር ስብሰባ መሄድ ጀመሩ፣ ቀልድ ጀመሩ፣ «ዛሬ አንዷለም የሚመጣበት ቀን ነው» ብለው ራሳቸው በር ይከፍታሉ። ስሟንም አልረሱም።

ትርንጎ የሞተች ዕለት ይርጋ ቤቱን ለሐዘን አሰናዳ። ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፈነ፣ ሬዲዮኑን አጠፋ፣ ክራሩን በነጠላ ጠቅልሎ ጎረቤታቸው ጀዊሪያ ቤት አስቀመጠ። ለቅሶ ቤት ክራር አይታይም፤ ማንም ቢሆን የሚያደርገውን ነው ያደረገው። እፀገነትም ሲያወጣው አይታ አልከለከለችውም።

እፀገነት «ሮቢት ሄዳለች» ባለችበት ቀን ከሰዓት በኋላ አንዷለም ለቅሶ ደረሰ። አቶ አስፋው በአጠገቡ አለፉ፤ አስተማሪያቸውን አላወቁትም። አንዷለም ደነገጠ። እፀገነትን ወደ ግቢው ጥግ ወሰዳት።

«ክራሩን ካልያዙ ስንት ጊዜ ሆናቸው?»

«እማዬ ከታመመች ወዲህ አልያዘም። አሁን ደግሞ ለቅሶ ነው።»

«እትዬ ትርንጎ አንድ ቀን አስታጉላቸው አታውቅም ነበር።»

«እሷ እንኳ ብዙም አልገባትም ነበር፤ ለሱ ስትል ነው» አለች እፀገነት።

አንዷለም አቀርቅሮ ፈገግ አለ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታውሶ ፈገግታውን መለሰው። «እሷ? ሰርግ ላይ ከኔ ጋር መጫወት የምትችል ሰው ነበረች እኮ! እሳቸው ዓይናቸው ፈዘዝ ሲል ሆን ብላ ትሳሳታለች። ያኔ ብንን ይላሉ። ‹ወንድ ልጅ ሚስቱን ማረም አይሰለቸውም› ትለኝ ነበር። እንዳልነግርባት አስምላኛለች።»

እፀገነት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ከኒሙ ሥር ቁጭ አለች፤ ከመጣች ወዲህ ቁጭ ያለችው ያኔ ነው። በስልክ የሰማችው ያ ሁሉ ስህተት ፍቅር ኖሯል። እናቷን ከቀበረቻት በኋላ የተዋወቀቻት መሰላት።

ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ ተነሳችና አጎቷን ጠራችው።

«አያ ይርጋ፣ ክራሩ ይምጣለት።»

«ምን አልሽ?»

«አባዬ ክራሩን ይያዝ። ካልያዘ እየሄደብኝ ነው።»

«የእህቴ አፈር ሳይደርቅ? ድንኳኗ ሳይፈርስ ባሏ ክራር መታ ይባል? አንቺ ነገ ደሴሽ ትገቢያለሽ፤ በሰው አፍ የምትገባው እሷ ናት!»

«አሁንስ ምን እያሉ ነው? አላለቀሰላትም እያሉ አይደል? ለማልቀስ እኮ መጀመሪያ ማወቅ ይፈልጋል!»

ጀዊሪያ የለቅሶ ቤቱን ሻይ ልትቀዳ መጥታ ሁሉንም ሰምታለች። «አብሽር ወንድሜ ይርጋ» አለች ረጋ ብላ። «እኔ ቤት ያስቀመጥከውን እኔ አይቼዋለሁ። ወላሂ ክራር አይደለም፣ የአስፋው ኪኒን ነው። ኪኒን ደግሞ ለቅሶ ነው ተብሎ አይከለከልም።»

ይርጋ እሺም እንቢም ሳይል ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ጀዊሪያ ይህን እንደ እሺ ቆጠረችውና ሄዳ ክራሩን በሻርፗ ሥር ይዛው መጣች።

እፀገነት አባቷን ወደ ጓዳ ይዛቸው ገባች። አእምሯቸው ከተመለሰ አብሮ የሚመለሰው መርዶው እንደሆነ ታውቃለች።

«የማን ነው?» አሉ ክራሩን ሲያዩ። እፀገነት ጭናቸው ላይ አኖረችው። ተነስተው ወደ በሩ ሊሄዱ ነበር፤ ጣታቸው ግን አንዷን ክር ነካ። ረግባለች። ፊታቸውን አኮማተሩ። ጆሯቸውን አስጠግተው መቃኛዋን አጠበቁ፣ ቀጥሎ ያለችውን፣ ከዚያም የቀሩትን። ባቲ ቅኝት ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንዷለም እንዳስተማራቸው እየሄዱ እየተመለሱ መቱት። ሲመላለስ የዋለው እግራቸው ረጋ። ድንኳን ውስጥ የነበረው ሰውም ወደ ጓዳው ዞረ።

አንድ ዙር ሲጨርሱ ክራሩን ወደ ግራቸው ዘረጉ። የትርንጎ ተራ ነበር። የሚቀበላቸው አልነበረም። እጃቸው እንደተዘረጋ ቆየ፤ ባዶውን ቦታ አዩት፣ ልጃቸውን አዩአት፣ የለበሰችውን ጥቁር አዩ።

«ቀበርናት አይደል?» አሉ።

«አዎ አባዬ።»

«እሁድ። ፀሐይ ነበር። ይርጋ ደግፎኝ ነበር።»

«አዎ።»

አቶ አስፋው አለቀሱ። እንደ መርዶው ቀን ደረት መምታት፣ መጮህ አልነበረም። ስሟን እየጠሩ፣ የሰፋችላቸውን ሸሚዝ፣ ያበሰለችላቸውን፣ የቀለደችባቸውን እያነሱ፣ ማንን እንዳጡ አውቀው አለቀሱ። ሊቆጣ የመጣው ይርጋ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ፤ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ።

ድንገት አቶ አስፋው ቀና አሉ። ጭናቸው ላይ ያለውን እንደ አዲስ አዩት።

«ድንኳኗ ቆሞ ነው እኔ ክራር የምመታው? ማነው ይሄን የሰጠኝ?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

«ነውር ነው ልጄ! እናትሽ እኮ ናት!» አሉና የመጀመሪያዋን ክር መቃኛ ማላላት ጀመሩ። ክሯ አቃስታ ረገበች። ሁለተኛዋን አላሉ። ሦስተኛዋን። ክር በረገበ ቁጥር እፀገነት ነገ ጠዋት ታያት፤ ጫማ ሲፈለግ፣ አስፋልት ዳር ሲቆም፣ «ትርንጎ የት ናት?» ሲባል። የሐዘኑን ወግ ከሰው ሁሉ በላይ የጠበቀው አባቷ ሊሆን ነው፤ ለዚያውም ነገ የማያስታውሰውን ሐዘን። አንድ ክር ብቻ ቀረ።

«አባዬ፣ አንዷን ተውልኝ» አለች።

«ለምን?»

«እኔ አልችልበትም። በሷ ታስተምረኛለህ።»

አቶ አስፋው ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩአት፤ እንባቸው ጺማቸው ላይ ነበር። ከዚያ የመጨረሻዋን ክር ሳያላሉ እጃቸውን ከመቃኛዋ ላይ አነሱና ልጃቸው ጉልበት ላይ አሳረፉት።