የአለቃው ፊርማ

«የዋሽንግተን ሰዓት ነው» አለች ማርሊስ፣ የጎረሰችውን ሳንድዊች ሳታላምጥ።

«ምኑ?» አለች ግሌንዳ። የጣቢያው ስልክና ሬዲዮ የእሷ ሥራ ነው።

«የገንዘብ እርዳታው ማመልከቻ። አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል ያሉት በእነሱ ነው። በእኛ ስምንት ሰዓት ያበቃለታል።»

ሰባት ሰዓት ተኩል አልፏል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዚህችን ትንሽ የኦሪገን ከተማ ፖሊስ ማመልከቻ የጻፈች ሴት ይህን ትሳሳታለች ብሎ ማን ያምናል? በዚህ በኩል የሚኖር ሰው ግን ዋሽንግተን ላይ ሦስት ሰዓት ቀድሞ እንደሚመሽ መርሳት ልማዱ ነው።

የሚለመነው ገንዘብ ለሬዲዮ ነው። ያሉት አሮጌ ሬዲዮዎች ሸለቆው ውስጥ ሲገቡ ዲዳ ይሆናሉ። ባለፈው የበረዶ ወራት አንድ ፖሊስ መኪናው ተገልብጦበት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጣራ የሰማው አልነበረም። ዘንድሮ ደግሞ የዋሽንግተኑ መንግሥት አዲስ ነገር አመጣ፤ ገንዘቡን የሚፈልግ ፖሊስ ስደተኞችን የሚይዙትን የኢሚግሬሽን ሰዎች እንደሚያግዝ አለቃው ፈርሞ መላክ አለበት። የኦሪገን ሕግ ይህንኑ ስለሚከለክል ግዛቱ ከሌሎች ግዛቶች ጋር ሆኖ መንግሥትን ከሷል፤ ዳኛዋ ግን ገና አልወሰነችም። አለቃ ቮስለር ሳምንት ሙሉ ሲብሰለሰል ከርሞ ዛሬ ጠዋት ፈረመ። «ሌላ ፖሊስ ሸለቆ ውስጥ ከምፈልግ ፍርድ ቤት ብቆም ይሻለኛል» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጣለው።

ማርሊስ ግን አልወደደችውም። በአካባቢው እርሻ የቼሪ ፍሬ የሚለቅሙት ስደተኞች ሲዘረፉ ወደዚህ ጣቢያ መደወል የለመዱት በስንት ዓመት ነው። ይህ ፊርማ ከተሰማ ከእነሱ ደፍሮ የሚደውል አይኖርም።

ጣቷ እስኪደነዝዝ ጻፈች። ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ግሌንዳ ስልኳን እያየች ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ዳኛዋ ወሰነች። ግዴታውን በከሳሾቹ ግዛቶች ላይ አግዳዋለች። እኛም ከሳሾች ነን፣ ማርሊስ።»

 ማርሊስ ውሳኔውን ወዲያው ከኢንተርኔት አወረደችው። ኮምፒውተሩ ላይ ግን የፊርማው ቦታ ቀይ እንደሆነ ነው፤ ፋይል ካልገባበት ማመልከቻው አይላክም።

«አለቃን ጥሪው።»

ግሌንዳ ጠራች፤ ደግማ ጠራች። የመለሰላት የሬዲዮው መንሿሿት ብቻ ነው። አለቃው ፍራፍሬ ጭኖ የተገለበጠ መኪና ሊያይ ሸለቆ ወርዷል። ሁለቱ ሴቶች ተያዩና፣ በዚያ ጭንቅ መሀል፣ ሳቅ አመለጣቸው።

«የፈረመውን ላኪው በቃ» አለች ግሌንዳ። «የሞተ ወረቀት ማንን ይነክሳል?»

«ከሞተ ለምን ይጠይቁኛል?»

«እሱን ሳታስፈቅጂ ሌላ ነገር ብትልኪ ከሥራ ትባረሪያለሽ።»

«ሬዲዮውም ይቀራል፤ አውቃለሁ።»

ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሰባት። ማርሊስ ይህን ገጽ እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች፤ ፋይል መኖሩን እንጂ ምን እንደተጻፈበት አያይም። አንድ ዓመት በስህተት የቤተ ክርስቲያኗን የኬክ ሽያጭ ማስታወቂያ አስገብታበት በደስታ ተቀብሏታል። አሁን በፊርማው ቦታ የዳኛዋን ውሳኔ አስገባች። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። መላኪያውን ተጫነችው። ስክሪኑ ላይ የመጠበቂያዋ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ከዚያ «ደርሷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ግሌንዳ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ መታችው፤ ማርሊስ ሳቀች።

ሬዲዮው የተነፈሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው።

«ከሸለቆው ወጥቻለሁ» አለ ቮስለር። «ማመልከቻው እንዴት ሆነ?»

ማርሊስ ማይክሮፎኑን ተቀበለች። «ሄዷል፣ አለቃ። ዳኛዋ ግዴታውን አግዳዋለች። በፊርማህ ፈንታ የእሷን ውሳኔ ነው የላክሁት። ያንተ ወረቀት እዚህ እጄ ላይ ነው።»

 ግሌንዳ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሬዲዮው ተቆራረጠብኝ» አለ ቮስለር። «ስለ ወረቀት ያልሽውን አልሰማሁም።»

ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማው። ማርሊስ ማይክሮፎኑን መለሰችና የተፈረመውን ወረቀት መቆራረጫ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው።