የመበጥበጫ ክፍሉ ተረኛ

መርዳሳ ደግ ሰው ነው የሚሉኝ አሉ። ልቅሶ አይቀርም፣ ሠርግ አይቀርም፣ የታመመ ይጠይቃል። እኔ ግን ነርስ ሆኜ ስኖር እንደ እሱ ደግነት ያንገበገበኝ ነገር የለም።

የምንሠራው አዳማ ውስጥ፣ የካንሰር ሕሙማን በሚታከሙበት ክፍል ነው፤ አለቃችን እሱ ነው። ኬሞ የሚባለውን መድኃኒት የምንበጠብጠው እኛው ነርሶች ነን፣ በየሳምንቱ ተራ እየገባን። መድኃኒቱ በሽታውን ሲገድል ጤነኛውንም አይምርም። ትነቱ በትንፋሽ፣ ጠብታው በቆዳ ይገባል፤ ጽንስ ላይ ደግሞ ይበረታል። ስለዚህ ሕግ አለን፤ ያረገዘች ነርስ መበጥበጫ ክፍል አትገባም። ሕጉ ላይ መርዳሳ የራሱን ጨመረበት። ያረገዘች ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ ትናገርና ከተራው ትወጣለች አለ።

ሰኞ ጠዋት እንግዲህ ጽዳቱም፣ ፋርማሲውም፣ ካርድ ክፍሉም የሚሰበሰብበት ነው። ሆዷ ሳይገፋ ሰው ፊት ቆማ "አርግዣለሁ" የምትል ሴት የት አይቶ እንደሆነ እንጃለት። የገዛ ሚስቱ እንኳ ሞጆ ላሉት እህቶቿ የነገረቻቸው ልትወልድ ስትቃረብ ነው። ይህንንም ያወራልን ራሱ ነው፣ እየሳቀ።

ዱሬቲ ከእኔ ጋር ተራ የምትጋራ ልጅ ናት። እሷ ስትበጠብጥ እኔ ሕሙማኑ ዘንድ ነኝ፤ ያለ መርዳሳ ፈቃድ መቀያየር የለም። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል። አማቷ የፊተኞቹን የሰው ዓይን ነው የበላቸው ብለው፣ ከደራ ድረስ መጥተው፣ ሆዷ እስኪታይ ለማንም እንዳትተነፍስ አስማሏት። ሦስተኛውን ስታረግዝ ለእኔም አልነገረችኝም። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ገርጥቶ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ፣ ብርቱካን ከእጇ ሳይጠፋ ሲውል ግን ያላወቀ አልነበረም። ሁላችንም አውቀን ሁላችንም እንዳላወቀ ሰው ሆንን። ወጉ እንደዚያ ነው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ትነቱን መጥጦ ወደ ውጭ የሚያወጣ የመስታወት ካቢኔት ተልኮልን ነበር፤ ቱቦውን የሚገጥም ባለሙያ እስኪመጣ እየተባለ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ሳይነሳለት ጥግ ይዞ ቆሟል። መርዳሳ አጠገቡ ፎቶ ተነስቷል። እኛ የምንበጠብጠው ጠረጴዛ ላይ ነው። በአዳማ ሙቀት ጋውን ስለማይቻል ብዙዎቹ አውልቀው ማራገቢያውን፣ ቬንትሌተሩን ያስነሳሉ፤ ቬንትሌተሩም ትነቱን መልሶ ፊታቸው ላይ ይበትነዋል። ዱሬቲ ግን እሱን አጥፍታ፣ ሁለት ጋውን ደርባ፣ ጓንት በጓንት ላይ አጥልቃ በላብ ትጠመቅ ነበር። ብርድ ገባሽ እንዴ እያሉ ሲቀልዱባት ትስቅላቸዋለች።

አላስቻለኝም። መርዳሳ ቢሮ ገብቼ የዱሬቲን ተራ እኔ ልያዝላት አልኩት። ምክንያቱን ጠየቀኝ። እሱም ያውቀዋል፤ ፊቱ ላይ አይቼበታለሁ። ካረገዘች ትናገር፣ ካላረገዘች ሥራ ሥራ ነው፣ ለአንዷ ያለ ምክንያት ከቀየርኩ ነገ ሁሉም ይመጣብኛል አለ።

"እርስዎ ዝም ብለው ቢቀይሯት ማን ይጠይቅዎታል?" አልኩት።

"ሲስተር ዘርፉ፣ እኔ የሰው ሆድ ውስጥ ገብቼ አላይም" አለኝ።

ወጥቼ ዱሬቲን ያዝኳት። ወይ ንገሪው ወይ እኔ ልንገረው አልኳት፤ በመካከላችን ነገሩ በግልጽ ሲነሳ የመጀመሪያው ነው። እጄን ጨብጣ ለመነችኝ።

"ሲስተርዬ፣ የፊተኞቹ የወረዱበትን ወር ልለፈው ብቻ። እስከዚያ ሰው አፍ ውስጥ አታስገቢብኝ።"

አላለፈችውም። በሥራ ላይ እንዳለች ወገቧን ይዛ ወጣች፤ እዚያው ሆስፒታላችን ተኝታ በማግስቱ ባዶዋን ወደ ቤቷ ሄደች። ሐኪሟን ስጠይቀው፣ ከመድኃኒቱ ይሁን ከሌላ ለይቶ ማወቅ አይቻልም አለኝ። እውነቱን ነው። እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ ልጁ ሄደ፣ የሚጠየቅበት ሰው የለም።

መርዳሳ ሙዝና ጁስ ይዞ ሊጠይቃት ሄደ። ከልቡ አዝኖ፣ አማቷ ባሉበት፣ ብትነግሪን ኖሮ እኮ አላት። እሱ ሲወጣ አማቷ፣ ይህ ሰውዬ በምን አወቀ፣ ለማን ተንፍሰሽ ነው ብለው አፋጠጧት። አንዱ ባለመናገሯ፣ ሌላዋ በመናገሯ ከሰሷት።

እረፍቷን ጨርሳ በተመለሰችበት ሰኞ መርዳሳ የሳምንቱን ምድብ አነበበ። መበጥበጫ ክፍል፣ ዱሬቲ። ሳጉረመርም ሰምቶኝ ቀና አለና ድምፁን አለስልሶ፣

"አሁን እንግዲህ የሚከለክላት ነገር የለም" አለ።

ተከትያት ገባሁ። ቬንትሌተሩን አስነስታዋለች። ጋውኖቹ ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀሉ ናቸው፤ በባዶ እጇ ብልቃጡን አንስታ መርፌውን ልትሰካበት ነው። ቬንትሌተሩን አጠፋሁና ጓንትሽን አድርጊ ብዬ እንደ ልማዴ ተቆጣኋት።

"አሁንማ ለማን ብዬ?" አለች።

ብልቃጡን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ጣቶቿን አንድ በአንድ እያስገባሁ ጓንቱን አለበስኳት። እጇን ሰጠችኝ።