ለክፉ ቀን የተሸጎጠው ጠርሙስ

የሹፌሩ ሚስት ቆጣቢ ናት። ስኳር በሉ ሻማ በሉ፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀንሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። “ለክፉ ቀን ይሆናል” ትላለች። እንግዲህ ሕሙማንን ቤት ለቤት የምትጎበኝ ነርስ ለባሏ የካንሰር ሕመም ማስታገሻ የሞርፊን ሽሮፕ ስታመጣላት ምን ታድርግ? ጠርሙሱን ከሻማው ጎን ሸጎጠችው። ሰውዬው ጥርሱን ነክሶ ማቃሰት ሲጀምር ብቻ ጠብታ ታህል ታቀምሰዋለች። ጨክና አይደለም። አሁን ከጨረሰው ሲብስበት ምን ልትሰጠው ነው?

ያ ለፍላፊ፣ በዳማ ሰፈሩን ያስለቀሰ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዝም አለ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ከሰዓት ከሰዓት የዳማ ገበታውን ይዞ እየመጣ፣ እያወቀ ይሸነፍለታል። ይሄ እሷን ከሁሉ በላይ አቃጠላት። ባሏ ሳይሞት እየተለቀሰለት ነው።

ነርሷ ስትመለስ ጠርሙሱ እምብዛም አልጎደለም።

“እናቴ፣ ይሄ ለመቼ ነው?”

“ለክፉ ቀን ነዋ፣ ልጄ።”

ነርሷ ወደ አልጋው በአገጯ ጠቆመች። “ከዚህ የከፋ ቀን ከየት ሊያመጡ ነው?”

ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች። “ሕመም ከተነሳ በኋላ መመለስ መከራ ነው። ሳይነሳ፣ ሰዓቱን ጠብቀው ይስጡት። ቢብስበት መጠኑን እኛ እንጨምራለን፤ ሲያልቅም አመጣለሁ።”

ከዚያ ወዲያ የመድኃኒቱን ሰዓት የሚያስታውስ የደወል ሰዓት የቤቱ አዛዥ ሆነ።

“ኧረ ምንም አላመመኝም” ይላል ሹፌሩ።

“እንዳያምህ እኮ ነው፤ በል አፍህን ክፈት።”

ካንሰሩ የትም አልሄደም። ሰውዬው ግን እንቅልፍ ተኛ፣ ጢሙን ተላጨ፣ ነገረኛነቱም ተመለሰ። ልብስ ሰፊው እንደለመደው አንድ የዳማ ኮርኪ በነጻ ሊያስበላ ሲገፋለት፣ ሹፌሩ ወደ ቦታው መለሰበት።

“እንደ ሰው ተጫወት። በሐዘኔታ ያሸነፍኩትን አልቆጥርም።”

ልብስ ሰፊው እጅጌውን ሰበሰበ። ከልቡ ተጫወተ፣ ላብ አላበው። ሹፌሩ ግን አንድ በአንድ ለቅሞ ጨረሰው።

“አጭበርብረሃል” አለ ልብስ ሰፊው። ገበታውን ገለበጠና በሩን አላትሞ ሳይሰናበት ወጣ።

ሴትዮዋ አልጋው ሥር ተንበርክካ ኮርኪ እየለቀመች እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ዛሬ ለባሏ ያዘነለት ሰው የለም።