የጋብቻ መስኮቱ ለሁሉም ተዘጋ

ለዳኛ ቶልበርት እጄ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩለት። የወረዳው ሕዝብ ግማሹ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ ግማሹ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ እየተጯጯኸ፣ የቴሌቪዥን ካሜራ ፊታችን ተደቅኖ፣ ማን ዝም ይላል? እኔማ በተፈጥሮዬ ዝም ማለት አላውቅበትም።

የፌዴራሉ ፍርድ ቤት አላባማ ውስጥም ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት መጋባት ይችላሉ ብሎ ፈርዷል። የግዛታችን ዳኞች ደግሞ እንዳትሞክሩት እያሉ ነው። ከዚያ ወዲያ በከተማችን ሰላምታ ቀረ፣ ክርክር ብቻ ሆነ። ፀጉር ቤቴ ውስጥ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጠችው ሴትዮ እንኳ የሚባለውን ሳትሰማ «አይደለም!» እያለች ትጮሃለች።

ያን ዓርብ ጠዋት እኔና ሆይት «ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ!» የሚል መፈክር ይዘን በቤተ ክርስቲያናችን ሚኒባስ መጣን። ሆይት እጮኛዬ ነው። እሱ ሚስቱን፣ እኔ ባሌን ቀብረን፣ ስድሳን ካለፍን በኋላ መዘምራን ውስጥ ተገናኘን። ልቡን ታሟል፤ ሰኞ ደረቱን ሊከፍቱት ነው። ልጁ ዳሬል ደግሞ ዓይኔን ማየት አይፈልግም። «ሆስፒታል የሚገባው ቤተሰብ ብቻ ነው፤ አንቺ ፀጉር ሠሪ ነሽ» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ደሜ ፈላ! ሆይት ዓይኑን ሲገልጥ እኔ አጠገቡ ከሌለሁ ማን ሊኖር ነው? ስለዚህ ጠዋት ከምእመናኑ ጋር እጮሃለሁ፣ ከዚያ ሆይትን ይዤ ዳኛ ቶልበርት ቢሮ ገብቼ የጋብቻ ፈቃድ አወጣለሁ፣ ቅዳሜ ፓስተራችን ወንድም ላይል ያጋባናል፣ ሰኞ ሚስቱ ሆኜ አልጋው አጠገብ እቆማለሁ። ሐሳቤ ይኸው ነበር።

ማርቫና ዶቲ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ ግን ክው አልኩ። ማርቫ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች። ዶቲ ቤቷ ኬክ እየጋገረች ትሸጣለች፤ ፀጉሯን የምሠራላትም እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቤት ሲኖሩ ከተማው በሙሉ «የአክስት ልጆች» ነው የሚላቸው። የትኛዋ አክስት እንደሆነች ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ እኛ አገር ነውር ነው።

«ቬርና!» አለችኝ ዶቲ መፈክሬን አይታ። «ትናንት ፀጉሬን ስትሠሪው ለሠርግ ነው ብዬሽ አልነበረም?»

«ለሠርግ አልሽኝ እንጂ የራሴ ሠርግ ነው መች አልሽኝ!»

ሁለቱም ወገን በሳቅ አውካካ። ከኛ በኩል አንዱ ገበሬ «ዛሬ እነዚህን ካጋባችሁ ነገ ደግሞ በቅሎዬን ላግባ የሚል ይመጣል!» ብሎ ጮኸ። ማርቫ ዞር እንኳ ሳትል «አንተን ያገባች ሴት ከተገኘች በቅሎዋም ተስፋ አላት!» አለችው። የገበሬው ሚስት ራሷ ሳቋን መያዝ አቃታት።

ይህን ጊዜ ዳኛ ቶልበርት ወጣ። ጉሮሮውን ጠራረገና «የፌዴራሉን ትእዛዝ መጣስ አልችልም፤ ኅሊናዬንም አልጥስም። ስለዚህ ይህ ቢሮ ከአሁን ጀምሮ የጋብቻ ፈቃድ አይሰጥም። ለማንም!» አለ።

ሃሌሉያው ቀለጠ! እየዘለልኩ አጨበጨብኩ። ሆይት እጅጌዬን ይጎትተኛል።

«ቬርና፣ ሰማሽው?»

«ሰማሁት እንጂ! እልል በል!»

«እኛንም ጭምር እኮ ነው የከለከለው።»

እጄ አየር ላይ ቀረ። መፈክሩን ጥዬ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። «ክቡር ዳኛ! እኛ እኮ ወንድና ሴት ነን! ይኸው፣ እዩን!»

«አውቃለሁ፣ ቬርና። ግን ለናንተ ሰጥቼ ለነሱ ብከለክል እኔው እከሰሳለሁ። ለሁሉም ሲዘጋ ግን ማንም ምንም ሊለኝ አይችልም።»

«እኔ እልሃለሁ! ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ሰኞ ደረቱን ሊከፍቱት ነው!»

አዝናለሁ ብሎኝ ገባ። የመስኮቱ መጋረጃ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ወደ ወንድም ላይል ሮጥኩ። ጎረቤት ወረዳ አሁንም ፈቃድ ይሰጣሉ፤ በሚኒባሱ አድርሰን አልኩት። እኔ የዓይን ሞራ ተገፍፌ ገና መንዳት አልተፈቀደልኝም፤ ሆይትማ ጫማውን ሲያስር እንኳ ያለከልካል።

«እህት ቬርና» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚያ እኮ ለነዚያም እየሰጡ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሚኒባስ እዚያ በር ላይ ቆሞ በቴሌቪዥን ይታይ? ትንሽ ታገሺ። ለእውነት ሲባል መሥዋዕት ይከፈላል።»

«መሥዋዕቱ ሆይት ነው እንዴ?»

የሚኒባሱን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። እንባዬ መጣ፤ የንዴት እንባ። አስፋልቱ ዳር ቆሜ አፍንጫዬን ስጠርግ አንድ መኪና ጡሩምባውን አንባረቀብኝ። ማርቫ ነበረች።

«እትዬ ቬርና! የጎረቤት ወረዳው መስኮት ማታ ከተዘጋ እስከ ሰኞ አይከፈትም። ትገቢያለሽ ወይስ መፈክርሽን ትጠብቂያለሽ?»

ምእመናኑ በሙሉ ያዩኛል። ይዩኝ! ሆይትን ገፍቼ አስገባሁትና ተከትዬው ገባሁ።

ወይ የዚያ መንገድ ጉድ! ማርቫ መኪናውን ታበረዋለች፣ ታበረዋለች፣ የባቡር ሐዲድ ጋ ስንደርስ ቀጥ አድርጋ ታቆመውና መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ታዳምጣለች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ባቡር አለመምጣቱን ሳያዳምጥ አያልፍም፣ ሕጉ ነው፤ ልማድ ሆኖባት በራሷ መኪናም አይለቃትም። ያ መንገድ ደግሞ ሐዲዱን ስንቴ እንደሚያቋርጠው!

«ሴትዮ፣ በዚህ ሐዲድ ባቡር ካለፈ ስንት ዘመኑ! ሣር በቅሎበታል እኮ!»

«የሰው ልጅ ጭኜ ሳላዳምጥ አላልፍም።»

«እኛ ልጆች ነን? ሽማግሌ ነው የጫንሽው! ንጂው!»

ሆይት እጁን ልቡ ላይ አድርጎ ይስቃል። ዶቲ የተቀቀለ ለውዝ ወደ ኋላ ታቀብለናለች። እኔም ለውዙን እየፈለፈልኩ አላስችል አለኝ። «ቆይ እናንተ» አልኩ፣ «አንድ ቤት መኖር የከለከላችሁ የለም። ወረቀቱ ምን ያደርግላችኋል?»

ዶቲ ወደ መንገዱ እያየች መለሰችልኝ። «አምና ማርቫ ሆዷን ስትከፈት እኔ የሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው የዋልኩት። ማነሽ አሉኝ፤ እንደለመድነው የአክስት ልጅ ነኝ አልኳቸው። የአክስት ልጅ አይገባም አሉኝ። መትረፏን የነገረኝ የጽዳት ሠራተኛ ነው።»

አንጀቴን በላችው። «ታዲያ ፀጉርሽን ልትሠሪ ስትመጪ አትነግሪኝም ነበር?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልንገርሽ፣ ቬርና?»

 የሆይትን እጅ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ቀጣዩ ሐዲድ ላይ ማርቫ ስታቆም እኔም መስኮቴን ዝቅ አድርጌ አዳመጥኩ።

ስንደርስ ሰልፉ ከበር ወጥቶ ጥግ ዞሯል። ሰው ይዘፍናል፣ ይሳደባል፣ አበባ ያድላል፣ አንዱ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ እያወዛወዘ ይጮሃል። ስልክ የያዘ ሁሉ «የግዛቱ ፍርድ ቤት ሊያስቆመው ነው!» ይላል። ማርቫን ትከሻዋን ነካ አደረግኋት። «እባክሽ አስቀድሚን፣ ሆይት መቆም አይችልም።»

«ወንበር አመጣለታለሁ፣ ውሃም አመጣለታለሁ። ተራዬን ግን ለእናቴም አልሰጥ!»

ወንበሩን አመጣችለት፤ ተራዋንም አልሰጠችኝም። እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር። ሊዘጉ ጥቂት ሲቀራቸው እነሱ ፈቃዳቸውን ወሰዱ፣ እኛም ከኋላቸው ወሰድን። ፈቃዱን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወጣሁ።

ግን ፈቃድ ብቻውን ጋብቻ አይደለም፤ የሚያጋባ ያስፈልጋል። አደባባዩ ላይ ትልቅ ዛፍ ስር አንዲት ሴት ፓስተር ቆማ፣ ሳይከለከሉ እንዲደርሱ ብላ ሰዉን በአንድ ላይ ታጋባለች። ሆይት ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ወንድም ላይል ነገ...» ሲል «ላይልን ተወው!» አልኩት።

ከማርቫና ከዶቲ ጎን ቆምን። ሁለት የወታደር ልብስ የለበሱ ወንዶች ከፊታችን አሉ፤ አንዱ ገና ሳይጀመር ያለቅሳል። ፓስተሯ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ይህን ጋብቻ የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር፤ አለዚያ ለዘላለም ዝም ይበል!» አለች።

 ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለካ የቀትሩ ዜና ላይ መፈክሬን ተሸክሜ ስዘል አይተውኛል! ዶቲም የማርቫን እጅ እንደያዘች ዞራ አየችኝ። 

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» ብዬ ጮህኩ። «ቀጥይ እንጂ እህቴ፣ ሳይዘጉብን!»

ፓስተሯ «ተጋብታችኋል!» ስትል አደባባዩ በእልልታ ተናጋ። ማርቫ ዶቲን ብድግ አድርጋ አነሳቻት። ሆይት ሙሽራ አይደለ፣ እኔም ላንሳሽ ብሎ ቃጣው፤ ሰኞ ደረትህ የሚከፈት ሰው አርፈህ ቁም ብዬ ተቆጣሁት። ከንፈሬን ግን ሰው ፊት ሳመኝ፣ ያ ዓይን አፋር ሰው!

እቅፉ ውስጥ እንዳለሁ ስልኬ ጮኸ። ዳሬል ነው።

«አባቴን የት ነው የወሰድሽው? በቀጥታ ስርጭት አየኋችሁ! ሰኞ ሆስፒታሉ በር ላይ እንዳላይሽ! ቤተሰብ ብቻ ነው ብዬሻለሁ!»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሆይት ጆሮውን ስልኩ ላይ ለጥፏል።

«ዳሬልዬ» አልኩት፣ «የእንጀራ እናትህ ነኝ። ሰኞ በጊዜ ና፤ አስገባሃለሁ።»