ሲላላና ሲጠብቅ

የእብነ በረዱ ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። የሟቹን ስምና ማዕረግ ቀርጬ ጨርሻለሁ፤ የተሸለመውን የጀግንነት ሜዳይም ከላይ ስየዋለሁ። የቀረኝ ከጦሩ ቢሮ ማኅተም ተመትቶበት የመጣው ዓረፍተ ነገር ነው። እሱንም በእርሳስ ነድፌዋለሁ።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሳይቀረጽ ልየው ብለው መጡ። አብሮት የዘመተው ጓደኛው በክራንች ተከትሏቸው ገባና የአሸዋ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«መነጽሬን ረስቼ ነው፤ አንብብልኝ የኔ ልጅ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። «የማፈግፈግ ትእዛዝ ሳይሰማ፣ ቁስለኛ ጓደኛውን ተሸክሞ ካወጣ በኋላ በጥይት ተመትቶ ወደቀ።»

«አልሰማም ማለት ነው?»

አለቃዬ ከመቁረጫው ማሽን ጀርባ ብቅ አሉ። «አጥብቀህ አንብበው እንጂ! ትእዛዙ ለማንም ሳይሰማ ማለት ነው። ስታላላው እኮ ልጁን እምቢተኛ አስመሰልከው።»

«ቆይ፣ ቆይ፤ ታዲያ የትኛው ነው?» አሉ እናትየው።

«ፊደሉ ያው ነው እትዬ። የሚያጠብቀውም የሚያላላውም ምላስ ነው።»

«አንድ ቃል ቢጨመርበት…» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ? አንተ የፊደል ዘበኛ፣ ሃሌታውን ከሐመሩ እንዳይደባለቅ ጠብቅ፤ ይበቃሃል!»

እናትየው አልሳቁም። እጃቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ።

«አምስት ወር ሙሉ ይሄንኑ ሳወጣ ሳወርድ ነው የከረምኩት። ተመለስ ሳይሉት ቀርተው ከሆነ ልጄን ረስተውታል። ተመለስ ብለውት የቀረ ከሆነ ደግሞ እኔን ረስቶኛል። አንዱን ንገሩኝ።»

አለቃዬ ቆባቸውን አወለቁ። እናትየው ግን ወደ ጓደኛው ዞሩ።

«አጠገቡ የነበርከው አንተ ነህ። በጠየቅኩህ ቁጥር እግሬን አመመኝ ትላለህ።»

ወታደሩ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ሬዲዮው እኔ ጋ ነበር፣ እማማ። ትእዛዙ መጥቷል። እሱ ከፊት ሆኖ እየተኮሰ ነበር፤ በዚያ ጩኸት ምን ይሰማል? ዞር አለና ‹የተባለ ነገር አለ?› አለኝ።»

«አንተስ?»

«የለም አልኩት።»

«ለምን?»

«እግሬን ተመትቼ ነበር። ከነገርኩት ጥሎኝ የሚሄድ መሰለኝ። እሱ እንደሆነ አይጥለኝም ነበር፤ አሁን አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን ፈራሁ።»

እናትየው ሊመቱት ነው ብዬ ነበር፤ አለቃዬም አንድ እርምጃ ጠጋ አሉ። እናትየው ግን ጣታቸውን በእርሳሱ ጽሑፍ ላይ አንድ በአንድ እያሳለፉ፣

«ቃሏ የቷ ናት?» አሉኝ።

አሳየኋቸው።

«በል፣ እንዳለች ቅረጻት። ላልታ ነው የምትነበበው። ልጄ አልሰማም።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ በሩ ሄዱ። ወታደሩ ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም። ደፉ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን እንደሰጡ ቆሙ።

«ተነስ እንጂ፤ አውቶቡሱ ሊያመልጠን ነው።»

ሊነሳ ሲታገል ዞረው አላዩትም፤ እጃቸውንም አልሰጡትም። አጠገባቸው እስኪደርስ ድረስ ግን ከደፉ አልወረዱም።